ሁለት ጊዜ ፯

ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 19 ቀን 2014

የኦርማዶንን መጽሐፍ ለምታዘጋጁ ሰዎች፤ ሲያትል

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እንግሊዝኛ ስለማላውቅ አይደለም። በአማርኛ የጻፍኩት እናንተ «ትርጉም የሌለው ጭረት» ያላችሁት ይኸው ፊደል ስለሆነ ነው። ትርጉም ከሌለው ይህንንም ወረቀት ጣሉት። ካለው ግን አንባቢ ፈልጉ።

ስሜ የሺሃረግ ይባላል። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከፀጉር ቤቱ በላይ ብቻዬን የምኖር፣ ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነኝ ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት የባሌ ጓደኛ ዳኜ፣ ኢንግልዉድ የሚኖረው ታክሲ ነጂ፣ አንድ ቀጭን ጥራዝ ይዞልኝ መጣ። መንገደኛ የኋላ ወንበር ላይ ትቶት ወርዶ ነው።

«የሺ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» አለኝ። «የመክብብ እጅ አይደለችም?»

የመክብብ እጅ ናት። ባሌ መክብብ በ1985 ለወጡት አሥሩ የኦርማዶን ኮሚክ መጽሔቶች ፊደል ጻፊ ነበር። በሰዎቹ አፍ አጠገብ ያለውን ንግግር በሙሉ በእጁ የጻፈው እሱ ነው። የዚያን የተረት ዓለም ጽሑፍ፣ የሽፋኑን ቁጥር ሳይቀር፣ በኛ ፊደል ያደረገውም እሱ ነው።

ጥራዛችሁ በሚቀጥለው ዓመት ለሚወጣው ትልቅ መጽሐፍ ማስተዋወቂያ መሆኑን ተረድቻለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብዙው ልክ ነው። መጀመሪያ አሻንጉሊቶቹ መውጣታቸው፣ በያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ስምንት ገጽ የሆነች ቁጥር የሌላት ትንሽ ታሪክ መግባቷ፣ ከዚያ ወርኃዊው መጽሔት መጀመሩ፣ አሥር ወር ቆይቶ መዘጋቱ፣ በዘጠናዎቹ ያለ ፊደሎቹ እንደገና መታተሙ፤ ይህ ሁሉ ልክ ነው። በሽፋኖቹ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ከአንድ እስከ አሥር ቆርጦ ለላከ ልጅ ሱቅ ውስጥ የማይሸጥ ነጭ ፈረሰኛ እንደሚሰጥ መታወጁም ልክ ነው።

ከዚያ ግን እንዲህ ትላላችሁ፦ «በጥጉ ላይ ያሉት ትርጉም የሌላቸው ጭረቶች ናቸው። የጻፋቸው ስሙ ያልታወቀ ስደተኛ ሲሆን፣ ሰካራም ስለነበር ስድስተኛውን እትም ሰባት ብሎት ውድድሩም መጽሔቱም ተበላሹ።»

ትርጉም የሌለው ጭረት እንዴት ስድስትና ሰባት ይኖረዋል? ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮቻችሁ እንኳ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ስሙ ይታወቃል፤ መክብብ ነው። ሰካራም የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ አውጡ።

የሺሃረግ


ሲያትል፣ ጁን 2 ቀን 2014

ሰላም የሺሃረግ፣ እንዴት ነሽ?

እኔ ዝማሬ እባላለሁ። ኤዲተር አይደለሁም፤ ገጾቹን ሌይአውት የማደርግ ነኝ። ደብዳቤሽ እዚህ ቢሮ ሁለት ሳምንት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ፣ አንዱ መጥቶ «ይሄ የእናንተ አይደል?» ብሎ ኪቦርዴ ላይ አስቀመጠው። ከሀበሻ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ያደግኩት ቫን ናይስ ነው፣ አማርኛ የተማርኩት ቸርች ውስጥ ነው፤ ሶ ስፔሊንጌ ከተበላሸ ይቅርታ።

ለኤዲተሬ ትራንስሌት አድርጌ አነበብኩለት። «ጭረት» የሚለው ጋ ስደርስ ፊቱ ቀላ። ያንን ያወጣል፤ የባልሽንም ስም ያስገባል። ስለ መጠጡ ግን ሶርስ አለኝ ይላል፣ ዝም ብሎ አይሰርዘውም።

ሥዕሎቹ ውስጥ በር ላይና ሰይፍ ላይ ያሉትን የአማርኛ ጽሑፎች ለማንበብ ሞከርኩ፣ ፎቶኮፒው ደብዛዛ ስለሆነ አልቻልኩም። ምን እንደሚሉ ትነግሪኛለሽ? የባልሽ ፎቶም ካለ ላኪልኝ። ሁለቱ ሰባቶች እንዴት እንደመጡ የምታውቂው ነገር ካለም ጻፊልኝ።

ዝማሬ


ሎስ አንጀለስ፣ ጁን 16 ቀን 2014

ልጄ ዝማሬ፣

የሰው ልጅ መልስ ከዚያ ሕንፃ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበርና ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል። አንቺ ብለሽኛል። አልተቀየምኩም። ዳኜ ግን ከትከሻዬ ላይ ሆኖ ሲያነብ «እሰይ የሺ፣ የክፍል ጓደኛ አገኘሽ» ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ። ሁለተኛ ስትጽፊ እርስዎ በዪኝ፤ ለኔ ክብር ሳይሆን አማርኛሽ እንዳይበላሽ።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። በጠንቋዩ ግንብ በር ላይ «ጫማ አውልቅ» ይላል። በክፉው ንጉሥ ዙፋን ላይ «ተነሥ፣ ወንበሩ የእንግዳ ነው»። ዓለምን ለሁለት ይከፍላል በሚባለው ሰይፍ ላይ «ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም»። ዘንዶው የተቀበረበት ድንጋይ ላይ ያለው ረዘም ይላል፤ «ከዚህ በታች ያለው ተኝቷል፣ ድምፅ ቀንሱ»። መክብብ ጨዋታ ይወድ ነበር። መጽሔቱ የሚሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ የሚያነብለት ሰው አልነበረም። የሚስቅለት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ቶሎ አላነብም ነበርና ሳቄ ከቀልዱ ሩብ ሰዓት ወደኋላ ይቀር ነበር።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ አገር፣ ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል፣ ራሴን በራሴ ነው። ቁጥሩን የለመድኩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከኦርማዶን። ከሣጥኗ ጥራዝ ጀምሬ በየተራ፣ ጣቴን ከቃሉ በታች እያስሄድኩ አነበብኳቸው። አረጋውያን ለመንከባከብ ሥራ ስጠይቅ፣ አለቃዬ «እንግሊዝኛሽ እንደ ንግሥት ነው» አለችኝ። የተማርኩት ከንግሥት ስለሆነ ነው፤ የበረዶው ግንብ ንግሥት።

መጠጡን በተመለከተ፦ መክብብ ጴንጤ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ቤት ውስጥ ጸሎት ስላደረገ ሁለት ዓመት ታስሯል። ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ሠርጋችን ላይ የጠጣነው የብርቱካን ጭማቂ ነው። ኤዲተርሽ ሶርስ ካለው፣ ሶርሱ ሰው አልለየም።

ፎቶው አለ። ስሙ እስኪጠራ ይቆይ።

የሺሃረግ


ሎስ አንጀለስ፣ ኦገስት 4 ቀን 2014

ልጄ ዝማሬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልስ ያዘገየሁት በሕመም አይደለም። ስለ ጤናዬ ስለተጨነቅሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፎቶውን አልልክም። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ፈገግ ያለ ሰው ነው፤ ከሥሩ ሰካራም የሚል ቃል እያለ ልጥፈው?

ሚራክል ማይል ያለ የኮሚክ ሱቅ ሄጄ ነበር። ጥራዛችሁን በነፃ የሚያድለው እሱ መሆኑን ዳኜ አጣርቶ ነገረኝ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ጠፋ ስለሚባለው ስድስተኛ እትም ይከራከራሉ። አንዱ «ኒው ጀርሲ መጋዘን ውስጥ ተቀብሯል» ይላል። ሌላው «አልታተመም፣ አጎቴ አከፋፋይ ነበር» ይላል። ቆሜ ሰማኋቸው። ባለሱቁ ምን ልርዳዎት አለኝ።

«ስድስተኛውን ኦርማዶን» አልኩት።

«እሱማ የለም እሜቴ። ፊደል ጻፊው ሰካራም ነበር፣ ሰባትን ሁለቴ ጻፈ።»

«ማን ነገረህ?»

ጥራዛችሁን አነሣና አሳየኝ። «ተጽፏል» አለኝ።

ይኸው ነው ልጄ። ተጽፏል። እስከ ትናንት፣ አንቺ እንደጻፍሽልኝ፣ አንድ ሽማግሌ የስቱዲዮ ባለቤት ያወራው ወሬ የነበረው፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ በጣት የሚጠቆም ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጠንካራ ሽፋን ይለብሳል። እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የታተመ ነገር ሲዋሽ እንደኔ የሚቆረቆር የለም። የተማረ ሰው መጽሐፍ እንደሚዋሽ በልጅነቱ ያውቃል።

ሁለቱ ሰባቶች እንዴት እንደመጡ ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቀሽኛል። መልስ የላትም ብለሽ ንገሪያቸው።

የሺሃረግ


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2014

ውድ እትዬ የሺሃረግ፣

እንደምን ሰነበቱ? መጀመሪያ ይቅርታ፤ የምጽፍልዎት ጥሩ ዜና አይደለም፣ ለዚያ ነው ሳምንቱን ሙሉ ያዘገየሁት።

የስቱዲዮው ባለቤት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ኤዲተሬ ስልክ ደወለላቸው፣ እኔም ስፒከር ላይ ሰማሁ። «ያን ወር እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ። እኔ «አይተውት ያውቃሉ ሲጠጣ?» ስል ኤዲተሬ በዓይኑ ቆነጠጠኝ። ሰውየው «ማየት አያስፈልግም፣ ራሱ እጄ ሳተ ብሎኛል» አሉ።

ሶ ኤዲተሬ የሚለው ይሄ ነው፦ ስህተቱ በሽፋኑ ላይ አለ፣ አምስት ሺህ ልጆች ነጩን ፈረሰኛ አጥተዋል፣ አንባቢ ምክንያቱን ይፈልጋል። ሌላ ምክንያት የሚነግረኝ ሰው ካለ ያንን አትማለሁ፤ ከሌለ ያለኝን አትማለሁ። ዴድላይኑ ኦክቶበር 15 ነው።

እትዬ፣ «መልስ የላትም ብለሽ ንገሪያቸው» ብለው ነበር የጻፉልኝ። «አላውቅም» አላሉም። ደጋግሜ አነበብኩት። ይቅርታ ካጠፋሁ።

አክባሪዎ ዝማሬ


ሎስ አንጀለስ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2014

ልጄ ዝማሬ፣

አማርኛ አታውቂም ያለሽ ማን ነው?

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሰባት።

በዚያ ሰሞን መክብብ እጁን የመኪና በር ቀጥቅጦት ነበር። ፋሻው እሱ ነው። ሽፋኑን በእርሳስ እንደምንም ጨርሶ፣ በቀለም መድገሙ ግን አቃተው። ሰኞ ኒው ዮርክ መላክ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ስቱዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ ሲወጣ «የሺ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ቁጥር በቀለም ድገሚልኝ፤ በእርሳሱ ላይ ብቻ ሂጂ» አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ነገር አዞኝ አያውቅም። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

በእርሳስ የተጻፈው ፮ ነበር። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። ስድስትና ሰባት በኛ አጻጻፍ መንታ ይመስላሉ፤ ከግርጌ ያለው መታጠፊያ ነው የሚለያቸው። ግን አልተምታታብኝም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ማንም «ያልተማረች ስለሆነች ተምታታባት» እንዳይል። ቆጠርኩ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሁሉንም ያነበብኩ እኔ ነኝ፤ የሣጥኗን ጥራዝ አንድ ብዬ ስቆጥር ይህ ሰባተኛው ነው። መክብብ በሕመም ስቶ ነው አልኩ። ደስ አለኝ። እሱ የሚያውቀውን ነገር ሳርም የመጀመሪያዬ ነበር። እርሳሱን በላጲስ አጠፋሁና በቀለም ፯ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ።

የሣጥኗ ጥራዝ እንደማትቆጠር ያወቅኩት መጽሔቱ ወጥቶ እናቶች መደወል ሲጀምሩ ነው። አሥረኛው ወጥቶ መጽሔቱ ሲዘጋ መክብብ ከሥራ ተባሮ መጣ። ወጥ ቤት ቆሜ ሳህን አጥባለሁ። «እጄ ሳተ» አለኝ። ፋሻው ያኔ ተፈትቷል፤ እጁን እያገላበጠ ያየዋል። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «ጌታ ያውቃል» አልኩ። ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ብዕር ይዞ አልሠራም። ሃያ ሦስት ዓመት የሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ኖረ። የራሱ ስህተት መስሎት ሞተ። አንዳንዴ ስም ሲፈርም እንኳ እጁን ይጠራጠር ነበር። ሊጠይቀኝ አፉን የከፈተ በመሰለኝ ጊዜ ሁሉ እኔ ሌላ ወሬ እጀምር ነበር።

እናንተ ላይ የጮህኩት ለዚህ ነው እንዳትዪ። እናንተም ዋሽታችኋል። የኔ ዝምታ የእናንተን ውሸት አያጸድቅም።

ይህን ለኤዲተርሽ አንብቢለት። ሰካራሙን ያውጣና እኔን ያግባ።

የሺሃረግ


ሲያትል፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2014

ውድ እትዬ የሺሃረግ፣

ደብዳቤዎን አነበብኩለት። «ሰካራም» የሚለው ወጥቷል፤ በዓይኔ አይቼ በራሴ እጅ ነው የሰረዝኩት። ለስቱዲዮው ባለቤትም እንደማይታተም ነግሯቸዋል። ስለዚህ ይረጋጉ።

የምጽፍልዎት ግን ለሌላ ነገር ነው። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።

ኦሃዮ ያለ አንድ ሰብሳቢ የሽፋኖቹን ኦሪጅናል ሥዕሎች ገዝቶ አስቀምጧቸው ነበር። ለመጽሐፉ በከለር ስካን አድርጎ ላከልን። እስከ ዛሬ ሁላችንም ያየነው የታተመውን ነው። ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ማስታወሻ የሚጽፉበት ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ አለ፤ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ያንን ከለር አያየውም፣ ስለዚህ ኅዳጉ ላይ የፈለጉትን ቢጽፉ መጽሔቱ ላይ አይወጣም።

የእርስዎን ፯ ኮምፒውተሬ ላይ አተለቅኩት። ከአጠገቡ በሰማያዊው እርሳስ፣ በተንጋደደ እጅ፣ በፋሻ በታሰረ ጣት የተጻፈ በሚመስል፣ እንዲህ ይላል፦

«የሺ የጻፈችው ነው። አልነካውም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ እናቴን ጠርቼ ስልክ ላይ አስነበብኳት። እሷም እንደዚያው ነው ያነበበችው። ከላይ ቀኑ አለ፤ እሑድ ነው፣ ሥዕሉ ከመላኩ አንድ ቀን በፊት።

ኮፒውን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ኤዲተሬ ሙሉ ገጽ ሊሰጠው ይፈልጋል። ርዕሱን እኔ አልናገርም፣ ከታች በራሱ እጅ ጽፎታል፤ ያዩታል። የእርስዎ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል። ባይፈልጉ ግን ይንገሩኝ፣ ፋይሉ ጠፋ እላለሁ። ኦኬ? እውነቴን ነው።

አክባሪዎ ዝማሬ


ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2014

ልጄ ዝማሬ፣

ፋይል አይጠፋም። እኔ ያጠፋሁት ይበቃል።

ኮፒው ሐሙስ ደረሰኝ። ዳኜ ነበር፤ አየውና ኮፍያውን አወለቀ። «መክብብ እኮ እንዲህ ነው» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከቤቴ አስወጣሁት። ምን አደረግኩ አለኝ ደረጃው ላይ ሆኖ። ምንም አላደረገም። የምቆጣው ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ አጠገቤ የነበረው ዳኜ ነው።

እስቲ አንቺ ፍረጂ። አንድ ጠብታ ነጭ ቀለም ይበቃ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጠርሙሱን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እሑድ ስህተቱን ካየው፣ በነጭ ሸፍኖ በላዩ ላይ ስድስት ጽፎ «የሺ፣ የሣጥኗ አትቆጠርም» ብሎኝ ቢሆን፣ እኔ አንድ ምሽት አፍሬ እተኛ ነበር። ስንት ነገር አርሞኛል፤ አላኮረፍኩም። የመጀመሪያ ጽሑፌ ሆኖበት አሳዝኜው ነው? እኔ ሕፃን ነበርኩ? ሥራውን ሰጠልኝ፤ ማን ስጠኝ አለው?

መስጠቱስ ይሁን። ሰጥቶ ዝም አለ። «እጄ ሳተ» ብሎ እጁን ሲያገላብጥ፣ እያየኝ ነበር ማለት ነው። እነግረው እንደሆን ይጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። ሲፈርም የሚያመነታው እጁን ተጠራጥሮ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማውቀውም ሰው የለም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ በልተናል። ብንጣላ ኖሮ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር።

የኤዲተርሽን ርዕስ አየሁት። «የኦርማዶን ታላቁ የፍቅር ታሪክ» ይላል። አልፈርምም። ደግ ሰው መሆኑን ከሁኔታው አይቻለሁ፤ ግን ትናንት ሰካራም፣ ዛሬ ታላቅ ፍቅር። ሁለቱም ሰውየውን ሳያዩት ነው። ያላየውን ይተውና የሆነውን ይጻፍ። ታሪክ ጸሓፊ ነኝ ይል የለ?

የሰማያዊውን ጽሑፍ አትሙት። ፊደሉን አታጽዱት፣ አታድምቁት፣ እንደተንጋደደ ይውጣ። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ በጀርባው ስሙን ከነአባቱ ጽፌዋለሁ፣ እንዳለ ገልብጡት። ከሥሩ ደግሞ የሚከተለው ይግባ፣ በእንግሊዝኛ አንቺ መልሺው፣ በአማርኛም እንዳለ ይታተም።

«በስድስተኛው እትም ሽፋን ላይ ፯ ብላ የጻፈችው የፊደል ጻፊው ሚስት የሺሃረግ ናት። ቆጥራ ነው የጻፈችው። ባሏ መክብብ ከመላኩ በፊት አይቶ ተወው። እሱ እንዳወቀ አልነገራትም፤ እሷም እንደጻፈች አልነገረችውም።»

ፈርሜያለሁ። አንድ ቃል ብታሳምሩ ፊርማዬ የለም።

የሺሃረግ